እርሳስ

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁ፤ የጻፍሁት በመዝገብ አለ፤
ያልጻፍሁት ግን ይኸው ሃያ ዓመት ከእኔው ጋር ዋለ።

በቦትኒያ ባሕር ዳር፣ በረዶ ወደቧን ቆልፎ በሚከርም ከተማ፣
ኅዳር ሲገባ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጎዳናው ሁሉ ጨለማ፣
ቶርስተን ሄልፎርስ የሚባል የከተማ አርክቴክት ነበረ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በአንዲት ጠረጴዛ ላይ ያቀረቀረ።

ምን ሠራ ቢሉ፦ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ ሁለት ትምህርት ቤት፣
የዓሣ ገበያው ጣሪያ፣
ለወደብ ሠራተኞች ገላ መታጠቢያ፣
የመቃብር ዘብ ጎጆ፣ መስኮቷ ወደ መንገድ የምታይ።
ስሙ በአንዱም ግንብ የለም። ያለው ድንጋይ ላይ አይደለም፤
በቧንቧ ፈቃድ ግርጌ ነው፣ በደበዘዘ ቀለም።

ባንኩ ግን የአለቃው ነው፤ የሊንድክራንስ፣ የሟቹ።
ስድስት የግራናይት ዓምድ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር፣
ግሪክ መንገድ ስታ በረዶ መሐል የቆመች ይመስል ነበር።
ቅቤ ሸጠው የሚመጡ ገበሬዎች
ቆባቸውን ያወልቃሉ ደጃፉ ላይ፤
ለገንዘቡ ይሁን ለዓምዱ፣ ማን ሊለይ?

ኋላ ዘመኑ መኪና ወደደ፤ ከተማው ማፍረስ ለመደ፤
የእንጨት ቤት ባደረበት ጠዋት ሲሚንቶ ተወለደ።
መሐንዲስ ራውኒ መጣ፤ ወጥቶ ወርዶ ዓምዱን ለካ፤
«አራተኛው ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል። መሠረቱ ሰምጧል ለካ!»
ሪፖርቱ ተነበበ። ከንቲባው ራሱን ነቀነቀ።
በቦታው የሚቆመው ባለ ሦስት ፎቅ ጋራዥ ንድፉ አለቀ።

የቀረው የሄልፎርስ ፊርማ ነው። ጡረታ ሊወጣ
አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ መጣ።
ብዕር አቀበሉት፤ አልተቀበለም፤ ቆመ።
ከኪሱ አንዲት ያለቀች እርሳስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ።

«ሕንጻው አልሰመጠም» አለ። «የሰመጥሁት እኔ ነኝ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ንድፍ ስገለብጥ እንቅልፍ ወሰደኝ፤
ስነቃ ስምንት የነበረው ቁጥር በእጄ ስድስት ሆኖ ነበር፤
ዓምዱ ከካባው ተጠርቦ መጣ፤ ተተከለ፤ ሁለት ጣት ሲያጥር።
አለቃዬ አየ። አልጮኸም። እርሳስ አቅልጦ፣ ጠፍጥፎ፣
ከአናቱ ላይ ደለደለው፣ በፋኖስ፣ በሌሊት፣ መሰላል ተደግፎ።
‹እርሳስ የሳተውን እርሳስ ሞላው› አለኝ፤ ‹በቃ፣ አንተም እርሳ።›
አልረሳሁም። አርባ ሰባት ዓመት በዚያ ደጅ አለፍሁ፣ አንገቴን ሳላነሳ።»

ሸንጎው ዝም አለ።
የማሞቂያው ቧንቧ ብቻ ይንኳኳል።
አንዱ የምክር ቤት አባል ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

በማግሥቱ መሰላል ቆመ። እኔ በጉንፋን ተኝቼ ነበር፤
ኋላ ራውኒ ነው የነገረኝ፦ በዚያ ሁሉ ድንጋይ መሐል
አንዲት ግራጫ ሰንበር አገኘ፤ ጥፍሩን ቢሰካ ተቀበለችው።
ወርዶ ሪፖርቱን ቀደደ። ይህን እንኳ አመሰግነዋለሁ።

ድምፅ ተሰጠ። በአንድ ሰው ብልጫ ባንኩ ተረፈ።
ጋዜጣው ግን ስለ «እንቅልፋሙ አርክቴክት» በፊት ገጹ ጻፈ።
ለስንብቱ የታዘዘው ኬክ ሳይቆረስ ቢሮው አደረ፤
ትምህርት ቤቶቹን፣ ገላ መታጠቢያውን፣ ያነሳለት አልነበረ።

በመዝገቡ የጻፍሁት፦ «አርክቴክቱ ማብራሪያ ሰጡ።» ሦስት ቃል።
እርሳሷን ረስቷት ሄደ። እኔ ጋ ናት። ዛሬም ትጽፋለች፣ ቢቀርጿት፣ በመጠኑ።

አንዳንዴ በትራም ሳልፍ እወርድና እቆጥራለሁ።
ስድስቱም ከታች ሲያዩዋቸው እኩል ናቸው።
አራተኛው ከየት ወዲህ ነው? ከግራ? ከቀኝ? መዝገቤ አይልም፤
ያን ቀን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።
ይህቺ ደግሞ የእኔ ሁለት ጣት ናት።
እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርሁም።